ዕጣው ሲያዳላ

እ.ኤ.አ. በ2008 ኤካስ 3 የተባለው የአውሮፓ ጥናት ውጤት ወጣ። የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ፣ ስትሮክ ከጀመረ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ቢሰጥ ይጠቅማል ወይ ነበር ጥያቄው። 821 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከ3 ወር በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት 52.4 በመቶው፣ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከወሰዱት 45.2 በመቶው ይህ ነው የሚባል የአካል ጉዳት አልቀረባቸውም። የሕክምና መመሪያዎች ወዲያው ተከተሉ።

ግን ሕሙማኑ ሲገቡ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ እዩት። ከዚያ በፊት ስትሮክ ይዟቸው የነበሩት በመድኃኒቱ ቡድን 7.7 በመቶ ሲሆኑ በፕላሴቦው 14.1 በመቶ ናቸው። እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የፕላሴቦዎቹ ሕመምም ከበድ ይል ነበር። ማንም አላጭበረበረም፤ ዕጣ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

በ2020 ሌሎች ተመራማሪዎች ልዩነቶቹን አስተካክለው፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች በእነዚህ ነገሮች እኩል ቢሆኑ ኖሮ ብለው እንደገና ሲያሰሉት፣ ጥቅሙ አስተማማኝ ሆኖ አልወጣም። የሚገርመው፣ የመጀመሪያዎቹም አስተካክለው ነበር። በእነሱ ስሌት ግን ጥቅሙ አልጠፋም። መረጃው ያው ነው፤ የተለያየው ወደ ስሌቱ እንዲገባ የተመረጠው ነገር ነው።

መድኃኒቱ አይሠራም እያልኩ አይደለም። በ2014 የወጣ፣ 9 ጥናቶችንና ከ6,700 በላይ ሕሙማንን ያጣመረ ትንታኔ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ እንደሚጠቅም አሳይቷል። የእኔ ቅሬታ ምርጫው መቼ ተደረገ የሚለው ላይ ነው።

ብዙዎች የእንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ እያንዳንዱን መስመር በፒ ቫልዩ (ያን ያህል ወይም የባሰ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመምጣት ዕድሉን በሚያሳይ ቁጥር) ይፈትሹና ከ0.05 በታች የወጣውን ብቻ ያስተካክላሉ። ይሄ ነገር አይገባኝም። ዕጣው በትክክል ከወጣ ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን? ዋናው ነገር ያ ባሕርይ የሕመምተኛውን ዕጣ ፈንታ ምን ያህል ይወስናል የሚለው ነው። በስትሮክ ዕድሜና የሕመሙ ክብደት ይወስናሉ። ስለዚህ ቡድኖቹ እኩል ቢሆኑ እንኳ ሁለቱ ስሌቱ ውስጥ ይግቡ፤ ግምቱን ይበልጥ ትክክለኛ ያደርጉታል። የዓይን ቀለም ግን የቱንም ያህል ቢራራቅ ምን አገባን? ዝርዝሩም ውጤቱ ሳይታይ በጽሑፍ ይቀመጥ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሕግ አይወጣም።

አዲስ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 መመሪያው አስቀድማችሁ ወስኑ ብሏል። ኮንሶርት የተባለው የጥናት አቀራረብ መመሪያ ደግሞ ያንን የፒ ቫልዩ ፍተሻ ተዉት ካለ ቆይቷል። የሕክምና መጽሔቶችን ግለጡ፤ የፒ ቫልዩው ዓምድ ዛሬም እዚያው ተደርድሯል።