ዓሳ የሌለበት የዓሳ ቤት

ደሴ ውስጥ አንድ ዕቃ ቤትህ ገባ ማለት ሰፈሩ እጁን አስገባበት ማለት ነው። ሶፋ ብትገዛ አቀማመጡን ያስተካክሉልሃል። አኳሪየም ብትገዛማ! ያውም ባዶ።

የወንድሜ ልጅ ነው የገዛው። ጠጠር ነሰነሰ፣ ባልዲ ውስጥ ያሳደረውን ውሃ ሞላ፣ ማጣሪያውን ሰካ። ዓሳ ግን የለም። ጠዋት ጠዋት የዓሳ ምግብ ቆንጠር አድርጎ ይበትናል። ለቡና የመጡት ጎረቤታችን በአቦሉ ዝም አሉ፤ በቶናው አልቻሉም።

«አንተ ልጅ፣ ማንን ነው የምትመግበው?»

«ባክቴሪያ ነው፣ እትዬ።»

አንዷ በስመ አብ፣ ሌላዋ ቢስሚላህ አሉ። በረካው ሳይቀዳ ወሬው ፒያሳ ደርሷል።

ልጁ ግን ልክ ነው፤ ዓሳው ከመምጣቱ በፊት ውሃውን የሚያጸዱለትን ባክቴሪያዎች እያራባ ነው። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሳ ይጨርሳል። አንዱ ባክቴሪያ እሱን ናይትራይት ያደርገዋል። ይሄም መርዝ ነው። ሌላው ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል፤ እሱ እንኳን በመጠኑ አይከፋም፣ ውሃ እየቀየሩ መቀነስ ይቻላል። እነዚህ ሠራተኞች የማጣሪያው ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ብርድ ላይ ደግሞ ሥራ አይወዱም። ማሞቂያ ከሌለ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ልክ እንደኛ ጋቢ ተከናንበው ይቀመጣሉ።

ይህን የሰማ የኮምቦልቻ አጎት «ወደዚህ አምጣው» ብሎ ደወለ። ኮምቦልቻዎች ለሁሉም ነገር መድኃኒታቸው ሙቀት ነው።

ምክሩ ጎረፈ። «ሐይቅ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አይደል? ሄደህ አታመጣም?» ያሉት ጋሼ የሚያስቡት ስለ ጥብስ እንደሆነ ፊታቸው ያስታውቃል። ውሃው ትንሽ ሲደፈርስ ደግሞ «ድፋው!» ተባለ። መደፍረሱ የጤና ነው፣ በራሱ ይጠራል ቢል ማን ሰምቶት። እኛ ሰዎች ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ስናይ ሥራ የፈታ ይመስለናል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ስፖንጁ ግቢው ውስጥ የልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። በበረኪና ታጥቦ ነጭ ሆኗል። ከጫፉ ጠብ ጠብ ይላል። እትዬ አጠገቡ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«ልጄ፣ እንዴት ያለ ቆሻሻ ነበር መሰለህ! ቡኒ ሆኖ፣ ያሟልጫል እኮ።»

ያ የሚያሟልጨው ነገር ነው ሲመገብ የከረመው። ልጁ ቃል አጣ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ «እትዬ፣ ሞተዋል» አላቸው።

እትዬ ደነገጡ። «ውይ በሞትኩት! ስንት ነበሩ?»

«ቁጥር የላቸውም።»

ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ለቡናው ሴቶች ሊነግሩ ወጡ። ሲመሽ ሦስት ሰው «እግዜር ያጽናህ» ሊለው መጣ፤ አንዷ ንፍሮ ይዛለች።