ቱታ፣ ጀሪካንና ፔርሙዝ

የውሃ ፈረቃው በደረሰ ዕለት ማለዳ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብቅ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ስፖርተኛ ያያል። አንዱ ቱታውን ለብሶ፣ ስልኩን እንደ ክታብ ክንዱ ላይ አስሮ ብሎኮቹን ይዞራል። ሌላዋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች፤ 20 ሊትር 20 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ሊፍት ደግሞ የለም። “ስፖርት ትሠራላችሁ?” ቢባሉ እሱ “በየቀኑ!” ይላል፤ እሷ “ኧረ በየት ጊዜዬ!”

ባለቱታው 10,000 እርምጃ ሳይሞላ ቤቱ አይገባም። 9,600 ላይ ደጁ ከደረሰ በቀሪዋ 400 ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደደ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ቁጥሯ የሐኪም ትእዛዝ ትመስላለች እንጂ በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ መጠሪያ ነበረች። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ አሜሪካውያት ላይ የተሠራ ጥናት፣ በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት ላይ 2,700 ከሚራመዱት ያነሰ ሞት ታይቷል ይላል፤ ከ7,500 ወዲያ ግን ተጨማሪ ጥቅም አላገኘም።

ለማንኛውም 10,000 ሞላች፤ አሁን ላስቲክ ቤቷ ገብቶ ሻይ ያዛል። ሦስት ማንኪያ ስኳር። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛል (የእኛ ማንኪያ ለጥ ብሎ አያውቅም፣ ሁሌ ክምር ነው)። ሁለት ብርጭቆ ቢያንስ 24 ግራም ሆነ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከ50 ግራም አይለፍ፣ ከ25 ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው! “ስኳር አለብህ እንዴ?” ቢሉት “ተመስገን፣ የለብኝም” ብሎ ያማስላል። ነቃሁ ያለው ደግሞ ስኳሩን በማር፣ ሻዩን በስፕሪስ ይተካል። ማሩም የጭማቂው ስኳርም እዚያው 25 ውስጥ ይቆጠራሉ። የሚያዋጣው በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ነው፤ ምላስ ቀስ ብሎ ይለምዳል።

ባለጀሪካኗስ? “ደም አንሶሻል” ተብላ ቀይ ሥር ትገዛለች፣ ቀይ ስለሆነ። ብረቱ ግን የሚበልጠው ምስር ላይ ነው፤ ምስሩን ደግሞ ድሮም ትበላለች። የሚያበላሸው እግር በእግር የሚከተለው ቡና ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የእህልና የጥራጥሬን ብረት ጠፍረው ይይዙታል፣ አንጀት ብዙውን አያገኘውም። ምሳና ቡና አንድ ሰዓት ያህል ይራራቁ፤ ከወጡ ጎን ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ካለ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያሳልፈዋል።

ሰዓቱን መጠበቅ ያን ያህል አይከብድም። ማዕድ ከተነሳ በኋላ ረከቦት ከቀረበ፣ ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥና ጀበናው እስኪንተከተክ ሰዓቱ ራሱ ይሞላል። ጉዱ ጠዋት ፈልቶ ፔርሙዝ የገባው ቡና ላይ ነው። እጅ ሳይታጠብ ሲኒው ሞልቷል፤ “ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁንልኝ” ያለ እንግዳ ደግሞ ኮራ ተብሎ ከብሎክ ብሎክ ይወራበታል።