ውሃ መጣች!

ዘጠኝ ወር ባሕር ላይ ከርሜ ሲንጋፖር ላይ ከመርከብ ወረድኩ። በማግስቱ ቦሌ ነበርኩ። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ሽቅብ፣ በአንድ ሌሊት! ሞተር ክፍል ውስጥ ብረት ስፈታ ስገጥም የከረምኩት ሰውዬ፣ የኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ እንደ አሮጌ ቮልስ አለከለክኩ። እኛ ቤት ደግሞ አራተኛ ነው። ጎረቤቶች ተያዩ።

«ውይ በሞትኩት! ባሕሩ ጨርሶታል።»

ቡናው ሳይወርድ ጥያቄው ወረደ። ጀማሪው አጎቴ ነው።

«መርከቡ ማታ ማታ የት ነው የሚያድረው?»

«አያድርም ጋሼ። ሌሊትም ይሄዳል። አራት ሰዓት ሠርተን ስምንት ሰዓት እናርፋለን፤ ሌላው ይተካናል።»

«የመንገድ መብራት በሌለበት?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ያመነኝ አይመስለኝም።

እማዬ ጥያቄ የላትም፤ ምክር ነው ያላት። «ልጄ፣ ዳር ዳሩን ሂዱ። መሃል አትግቡ።» በስልክም የከረመችው ይህንኑ ስትል ነው። ሙያውን ባሕር ዳር ስማር ያልተጨነቀችው ለካ የከተማውን ስም አምና ኖሯል። መርከብን የሚገድለው ግን ዳሩ ነው። አለቱም ደለሉም ያለው እዚያ ነው። መሃሉማ ጥልቅ ነው፤ ምን ይነካሃል? ይህን ላስረዳት ብዬ የኤቨር ጊቭንን ታሪክ አነሳሁ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ያቺ 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ ሱዌዝ ቦይ ላይ ዳር ነክታ ተሰነቀረች፤ ስድስት ቀን የዓለምን መንገድ ዘጋች።

«ታዲያ ዳር ባትሆን ማን ይደርስላት ነበር?» አለች እማዬ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ዶላሩ መጣ። «ደሞዝህ በዶላር ነው አሉ» አለ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የባሕሩ ወሬ በሙሉ ለካ መግቢያ ነበር። ከዶላሩ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። «መቼ ነው የምታገባው?»

ገላዬን ልታጠብ ብዬ አመለጥኩ። ቧንቧውን ስከፍተው እንደ እባብ «እስስ» ብሎ ዝም አለ።

«ውሃ የምትመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው!» አለችኝ እማዬ ከሳሎን።

ማክሰኞ ነበር። እኔ እንግዲህ ዙሪያዬን ጨው ውሃ ከቦኝ፣ በየቀኑ በንጹሕ ውሃ ስታጠብ የከረምኩ ሰው ነኝ። መርከቧ የባሕሩን ውሃ በሞተሩ ሙቀት አትንና፣ ጨውን ለይታ፣ በቀን 20 ቶን ገደማ ታወጣለች። ማሽኑን የምጠብቀው ደግሞ እኔው ነበርኩ! አሁን በአንድ ጆግ ውሃ ግማሽ ሰውነቴን ታጥቤ ወጣሁ። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እንቅልፍም እንቢ አለኝ። አልጋው አይወዛወዝም። ከሁሉ የባሰው ግን ጸጥታው ነው። ለሞተር ክፍል ሰው ጸጥታ ማለት ሞተሩ ቆመ ማለት ነው፤ ጸጥ ሲል ነው የሚባንነው። ሁለት ሌሊት እንዲህ ስገላበጥ አደርኩ።

ሐሙስ ሌሊት ገና ሸለብ ሲያደርገኝ በሩ ተደበደበ።

«ተነስ! ውሃ መጣች! ውሃ መጣች!»

ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። መርከብ ላይ «ውሃ ገባ» ሲባል የሚደረገውን ዘጠኝ ወር ስለማመድ ነው የከረምኩት። ላይፍ ጃኬቴን ፍለጋ በጨለማ ኮሪደሩን ስዳብስ፣ እጄ አንድ ቀለል ያለ ፕላስቲክ አገኘ። ደረቴ ላይ አጥብቄ አቅፌው ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

«ጀሪካኑን የት ትወስደዋለህ?» አለች እማዬ። «ቧንቧው በዚህ ነው!»