ችካሏ

አዳማ ውስጥ ጸደይ ማለት በጭቃና በአቧራ መካከል ያለች አጭር ዕረፍት ናት። ጳጉሜን ላይ ጫማህን ከጭቃ ስትነቅል ትውላለህ። ጥቅምት ላይ ያው ጭቃ ዱቄት ሆኖ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ከተማችን ዳር ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋዋት ተብለው የተተከሉት እንዲሁ አይደለም። ከነሱ የተረፈው ነፋስ አቧራውን አዝሎ ወደኛ ግቢ ነው የሚመጣው።

አዋቂዎች እንዳይታዘቡኝ እንጂ፣ በአባቶች አቆጣጠር መስከረም 26 የሚገባው መፀው ነው። ጸደይ ገና መጋቢት 26 ነው። እኔ ግን አደይ አበባ ካየሁ ጸደይ ነው ባይ ነኝ። በኦሮምኛ ደግሞ ወቅቱ «ቢራ» ይባላል። ይህን የነገርኩት የሰፈራችን ባለ ግሮሰሪ «እኛ ቤትማ ዓመቱን ሙሉ ነው» አለኝ።

ዘንድሮ ታዲያ ከአደይ ቀድማ የበቀለችው ችካል ናት።

ጳጉሜን 2 ጠዋት አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ልጆች መጡ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን አቁመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰፈሩን አዩት። ከዚያ አናቷ ቀይ የተቀባ፣ ክንድ የማትሞላ እንጨት እማማ በር ላይ ቸክለው ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። «ምን ሊሠራ ነው ልጆቼ?» አሏቸው እማማ።

«እኛ መለካት እንጂ የምናውቀው ነገር የለም፣ እናቴ።»

ማታውን ግን ሁላችንም አውቀን አደርን። ባለ ሱቁ የ20 ሜትር አስፋልት ነው አለ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ወደ 30 አሳደጉት፣ የብስክሌት መንገድም ጨመሩበት። የኮሪደር ልማት በ2016 አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ ወዲህ እኛ ሰፈር ኮሪደር ያልሆነ ነገር የለም። ልጆቹ እንኳ ብይ ሲጫወቱ «ኮሪደሯን አትርገጥ!» ይባባላሉ። ሩፋኤል ዕለት ዝናቡን ሊጠመቁ ራቁታቸውን ሲሮጡ፣ ችካሏን ነክተው ነበር የሚመለሱት።

ከኛ ማዶ አጥሩ በየክረምቱ የሚያድግ ሰውዬ አለ። ቆርቆሮ ዝናብ ሲያገኝ እንደሚለመልም ያወቅነው በሱ ነው። እኚህ ሰው ችካሏ በተተከለች ማግስት አጥራቸውን አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ሰብስበው ተገኙ። «ሁልጊዜም እዚህ ነበር» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ጎናቸው ያለው ደግሞ በተቃራኒው ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ቀለሰ። ካሣ የሚቆጠረው በክፍል ነው የሚል ወሬ ሰምቷል። በአንዱ ዶሮ ገባበት። ሌላኛው ጣሪያ የለውም፣ በር ግን አለው፤ ቁልፍም አለው።

የኔ ጉዳይ ይለያል። አከራዬ መጥተው ኪራይ መጨመራቸውን ነገሩኝ።

«ምነው ጋሼ፣ በጳጉሜን? ደመወዝ እንኳ የሌላት ወር ናት።»

«አስፋልት ሊመጣልህ ነው እኮ!»

«ቤቱ ይፈርሳል እየተባለ አይደል?»

«እስኪፈርስ ድረስ አስፋልት ዳር ነህ።»

መልስ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም።

ነገሩ የተበላሸው በዋዜማው ነው። የእማማ ልጅ ለእንቁጣጣሽ በግ ይዞላቸው መጣ። ማሰሪያ ቸገረው። ችካሏ ደግሞ በር ላይ ቆማለች፣ ቀጥ ብላ፣ ለዚሁ የተተከለች ይመስል። አሰረው። በጉ ምንም የመሬት ነገር ስለማይገባው አንዴ ቢጎትታት ተነቀለች። ሙክቱ ማስተር ፕላናችንን ከኋላው እየጎተተ እስከ ዋናው መንገድ ሮጠ፤ የባጃጅ ሹፌሮች ናቸው የያዙት።

በጉ በነጋታው ታረደ፣ ችግሩም ጠፋለት። ችካሏ ግን የት ነበረች? ማታ በስልክ መብራት ወጥተን ፈለግን። ጉድጓዷን ዝናብ ደፍኖታል። አጥር የሰበሰቡት ሰውዬ «እማማ ግቢ ውስጥ ጠለቅ ብላ ነበር» አሉ። እማማ «ያንተ ሳሎን ውስጥ ነበረች!» አሏቸው። የእድሩ ዳኛ ነገሩ እስኪጣራ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር እድር ቤት ትቀመጥ ብለው ወሰኑ። መዝገቡን አይቼዋለሁ። «ብረት ድስት፣ 4። ችካል፣ ቀይ፣ 1» ይላል።

በነጋታው ግን መንገዳችን ላይ ስድስት ችካል በቅሎ አገኘን። ሁሉም አናታቸው ቀይ ነው። አንዷማ ቀለሟ ገና አልደረቀም። ሁሉም የተተከሉት ከተካዩ ቤት ራቅ ብለው ነው። ልጆቹ ወዲያው ሁለቱን ጎል አደረጓቸው።

ከመስቀል በኋላ እነዚያ ሁለቱ ልጆች ተመለሱ። መሣሪያቸውን ተከሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሁለቱንም ከፈቱ።

«ይሄን ሁሉ ማን ተከለው?»

ሰፈሩ ዝም አለ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ።

«እኛ መኖር እንጂ የምናውቀው ነገር የለም፣ ልጄ።»