ወዴት ነው የሚያጥበው?

ሰሞኑን በኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳይ ሲነሳ አንድ ኃላፊ የኬሚካል ቁጠባ ዕቅድ «ተጨማሪ ወጪ» መሆኑን ነገሩን። ፍሳሹ የሚገባበትን የቦርከና ወንዝንም ቢሆን «ክረምቱ ያጥበዋል» አሉ።

ወዴት ነው የሚያጥበው? ቆዳ የሚለፋበት ብረት፣ ክሮም፣ ከደለል ጋር ይጣበቃል እንጂ አይተንም። ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ጨፋ ያወርደዋል፤ ጨፋ ደግሞ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚወርድበት ሜዳ ነው። የታጠበው የኮምቦልቻ ዓይን ብቻ ነው።

«ወጪ» የሚሉትንም በሚዛን እንየው። ጸጉሩ ተነስቶ ከኖራ ለወጣ 1,000 ኪሎ ቆዳ በተለመደው አሠራር 80 ኪሎ ገደማ የክሮም ጨው ድራም (ቆዳው እየተሽከረከረ የሚለፋበት በርሜል) ውስጥ ይገባል። ቆዳው 65 በመቶውን ቢይዝ 28 ኪሎው በቱቦ ሄደ ማለት ነው። በዶላር የተገዛ ክሮም! የመጀመሪያው ማስተካከያ ማሽን አያስገዛም፦ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 2.8 አካባቢ መጀመር፣ ክሮሙ ቆዳው ውስጥ ድረስ ሳይዘልቅ አለመቸኮል፣ ከዚያ አሲዱን የሚያለዝበውን ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ወደ 3.8 ማውጣት፣ ሙቀቱን 40 ዲግሪ ማድረስ። ሶዳው በአንዴ ከተደፋ ክሮሙ የቆዳው ፊት ላይ ይረጋል፣ ቆዳው ይዥጎረጎራል፣ ጥፋቱም በሠራተኛው ይሳበባል።

የተረፈው የክሮም ውሃ ለብቻው ይጠራቀም፤ ይጣራ፤ ክሮሙ እንዲዘቅጥ በማግኒዥየም ኦክሳይድ ፒኤቹ ከ8 በላይ ይድረስና ይደር። በነጋታው ከላይ የጠራው ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ይሄዳል፤ የዘቀጠው በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ወደ ድራም ይመለሳል። ኖራ ይረክሳል ብለው በእሱ የሚያዘቅጡ አሉ፤ ውሃው ውስጥ ካለው ሰልፌት ጋር ጂፕሰም ይሠራና ዝቃጩ ለዳግም ሥራ አይሆንም። ከሁሉ የከፋው የክሮሙን አሲዳማ ውሃ ከጸጉር ማንሻው የሰልፋይድ ውሃ ጋር በአንድ ቦይ መልቀቅ ነው። የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ጉድጓድ ሊጠርግ የገባን ሰው እዚያው ይገድላል። ሁለት ቦይ መለየት ነው እንግዲህ «ተጨማሪ ወጪ» የተባለው?

ገንዳና ፓምፕ ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ እሺ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ግን የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ካለ 20 ዓመት አልፎታል።

ለቢሮ የሚገባው ዕቅድ ግን ከቱቦው ጫፍ ይጀምርና «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ላይ ያልቃል። ኃላፊው በሚቀጥለው ስብሰባ የመጋዘኑን ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ)ና የቆዳውን የሚዛን መዝገብ ይዘው ይምጡ፤ ከወጣው ክሮም ቆዳው የያዘውን እንቀንስና ቀሪው የት እንደገባ እዚያው ያስረዱን።