ሩት ማናት?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ሲያቆም፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ጡረታ የወጣ ላፕቶፕ ታቅፈው ቀሩ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው መጥቶ «አባዬ፣ ይሄ ማሽን 11ን አይሸከምም» አለና በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነላቸው። ሲሰናበታቸውም «የቸገረዎት ነገር ካለ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ በተርሚናሉ፣ ‹ማን› ብለው ይጠይቁት» አላቸው።

በሊኑክስ አፍ ‹ማን› ማንዋል ማለት ነው፤ የትእዛዝ ስም ካስከተሉለት መመሪያውን ያመጣል። ጋሼ ግን ‹ማን›ን የሚያውቁት በር ሲንኳኳ ነው። እዚያ ጥቁር መስኮት ውስጥ ማን ማን እንዳለ ለመጠየቅ «ማን ማን» ብለው ጻፉ። ሊኑክስም ታዛዥ ነውና የማንዋልን ማንዋል ዘረጋላቸው። መውጫው ከታች ጥግ ላይ ተጽፏል፤ ኪውን መጫን ብቻ ነው። መነጽራቸው ግን ሌላ ክፍል ነበርና እስክደርስ ድረስ እዚያው ዋሉ።

እውነቱን ለመናገር ከእኛ ይሻላሉ። እኛ ማውዝ ከጠፋን እጃችን ይታሰራል፤ እሳቸው አንዲት ፊደል ብትጎድል ማመልከቻ በሚመለስበት ዘመን የኖሩ ናቸው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይቶ የሚቆጣ ማሽን አይደንቃቸውም።

የደነቃቸው ሱዶ ነው፤ የአስተዳዳሪን ሥልጣን ለጊዜው የሚያውስ ትእዛዝ። ልጃቸው የአስተዳዳሪነቱን ሥልጣን ለራሱ አስቀርቶ ኖሯል። ጋሼ አንድ ፕሮግራም ሊጭኑ ሱዶ ብለው ጀመሩ፣ የይለፍ ቃል ተጠየቁ፣ ጻፉ፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት ኮከብ እንኳ አልወጣችም። «ኪቦርዱ ሞተ» አሉኝ። «አብሽር ጋሼ፣ እያየ ነው፤ አያሳይም እንጂ።» ኢንተር ሲሉ መልሱ መጣ፦ ስምዎ ከተፈቀደላቸው መዝገብ የለም፤ ይህ ድርጊት ሪፖርት ይደረጋል።

ላፕቶፑን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ወደ መስኮቱ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለማን ነው የሚያሳውቀው?» አሉ።

ላረጋጋቸው ታሪክ አመጣሁ። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ ለዓለም ያሳወቀው በነሐሴ 1983፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ሪፖርት ማድረግ ከየት ተማረ?»

«ሱዶ እንኳ ከሱ ይቀድማል። አሜሪካ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ በ1972 አካባቢ ነው የተሠራው።»

«በደርግ ጊዜ! ይኸው!»

ነገር ማበላሸቴን ባውቅም ቀጠልኩ። «ጋሼ፣ ሪፖርቱ ከቤት አይወጣም። እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይጻፋል። የሚደርሰው ሩት ጋ ነው።»

ቶና እየቀዱ የነበሩት እትዬ ጀበናውን አስቀመጡ። «ሩት ማናት?»

«ሰው አይደለችም እትዬ፣ የኮምፒውተሩ የበላይ ነው። ሩት ካልፈቀደ ምንም አይጫንም፣ ምንም አይጠፋም…»

«እዚህ ቤት ያለኔ ፈቃድ የሚጭን አለ እንዴ? ጠይቀውማ!»

ጋሼ ላፕቶፑን ከፈቱ፣ ተጠንቅቀው «ማን ሩት» ብለው ጻፉ። መልሱን ለእትዬ ተረጎምኩላቸው፦ ስለ ሩት የተጻፈ መመሪያ የለም።

«እንዴት ይኖራል!» አሉ እትዬ፣ የጋሼን ሲኒ ወደ እኔ እየገፉ። «አጥፍቶት ነዋ!»