ለምሥጢር ገላጮቻችን የቀረበ ምስጋና

የጃፓንን ሬስሊንግ በተመለከትን ቁጥር ከኋላችን ቆመው «ይሄ እኮ ውሸት ነው፤ አሸናፊው ቀድሞ ተወስኖ ያደረ ነው» በማለት ከስሕተት የሚመልሱንን ሊቃውንት ሳናመሰግን ብንቀር ውለታ ቢስ እንባላለን። ጎረቤቴ ጋሼ ለቡና ብቅ ባሉ ቁጥር ይህንኑ ምሥጢር እንደ አዲስ ይገልጡልኛል። ማታ ማታ በሚከታተሉት ተከታታይ ድራማ ውስጥ ልጅቷ ስትሞት እንባቸው ጠብ ማለቱ፣ እሷ በእርግጥም ስለሞተች መሆን አለበት።

እኛ ሞኞቹ በበኩላችን በጃፓናዊው ተፋላሚ በቴትሱያ ናይቶ ነገር ዐሥር ዓመት አባክነናል። ሰውዬው በ2013 እ.ኤ.አ. ጂ ዋን የተባለውን ዓመታዊ ውድድር አሸንፎ ለዋናው ቀበቶ ከባለቀበቶው ከካዙቺካ ኦካዳ ጋር የመፋለም መብት ቢያገኝም፣ ኒው ጃፓን የተባለው የሬስሊንግ ድርጅት የመዝጊያውን ግጥሚያ ምርጫ ለተመልካች ድምፅ በመስጠቱና ተመልካቹም ሌላውን ግጥሚያ በመምረጡ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2014 ቶኪዮ ዶም በተባለው ትልቅ ስታዲየም ከመዝጊያነት ወርዶ ተጋጠመ፤ ተሸነፈም። ይህ ውርደት ግን እንደ ዋዛ አልተረሳም። በ2015 ከሜክሲኮ ሲመለስ፣ ሕዝብን ለማስደሰት ይንደፋደፍ የነበረው ልጅ ቀርቶ፣ ሙሉ ልብሱን እያንቀራፈፈ የሚያወልቅና የተዋደቀለትን ቀበቶ እንደ አሮጌ ዕቃ ወደ ላይ የሚወረውር ሰው ሆኖ መጣ፤ ትናንት የናቀው ሕዝብም ዛሬ ስለናቀው ወደደው። በ2020 በዚያው ዶም ኦካዳን ጥሎ፣ የቡድን ጓደኞቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ከሕዝቡ ጋር ሊጮኽ ሲል ኬንታ የተባለው ተፋላሚ ዘሎ ገብቶ ደስታውን አበላሸበት። (የጉልበቱ ጉዳትም ውሸት መሆኑን ለሐኪሙ የነገረው የለም መሰለኝ።)

ጃንዋሪ 4 ቀን 2024 ለዋናው ቀበቶ ከባለቀበቶው ከሳናዳ ጋር ሲገጥም፣ ጋሼ ሁሉን ዐዋቂ ናቸውና ማን እንደሚያሸንፍ ጠየቅኋቸው። «እሱን እንኳ በምን ዐውቄው?» አሉኝ። ናይቶ አሸነፈ፤ በዶሙ መሐልም የጓደኞቹን ስም እስከ መጨረሻው ጠራ። በሦስት ወሩ ቺካጎ ላይ ቀበቶውን ሲነጠቅ ደግሞ፣ መነጠቁ አስቀድሞ የታወቀ እንደነበር ጋሼ በማግሥቱ ነገሩኝ።